ከቤት ጀርባ 20 ካሬ ሜትር አለኝ፤ ምኑን የት ልትከል?

ኮተቤ ግቢ | ጥቅምት 4

ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ኮተቤ፣ በወላጆቼ ግቢ ነው። ከቤቱ ጀርባ በሰሜን በኩል አምስት ሜትር በአራት ሜትር የሆነ ባዶ መሬት አለ። ክረምቱን ሙሉ አረም በቅሎበት ከረመ፤ ባለፈው ሳምንት አጽድተን ቆፈርነው። በፊት ለፊት፣ በደቡብ በኩል ደግሞ፣ በግድግዳውና በሲሚንቶው መተላለፊያ መካከል አንድ ሜትር ስፋትና ስድስት ሜትር ርዝመት ያለው መሬት አለ። እናቴ ጽጌረዳና ጤና አዳም ተክላበታለች።

ቤተሰባችን አምስት ነው። ልተክል ያሰብኩት ቀይ ሽንኩርት (በብዛት፣ ምክንያቱም የአስቤዛው ገንዘብ የሚያልቀው እሱ ላይ ነው)፣ ቲማቲም፣ ካሮት፣ ጎመን፣ ቃሪያ፣ ሰላጣና ድንች ነው። ጀርመን የምትኖረው አክስቴ የቀይ ሽንኩርትና የካሮት ዘር ልካልኛለች። ውሃ የሚመጣልን በሳምንት ሁለት ቀን ነው። አንድ ሺህ ሊትር የሚይዝ ታንከር አለን፤ እሱ ግን የቤቱም ውሃ ነው።

በወረቀት ላይ ሰባት እኩል መደብ ሥያለሁ። ከመትከሌ በፊት ልምድ ያላችሁ ሰዎች ብታዩልኝ ደስ ይለኛል። ምኑን ከምኑ አጠገብ ላድርግ? ሁሉም ይበቅልልኝ ይሆን?

አረንጓዴ ሰፈር | ጥቅምት 4

ሁሉንም ትንሽ ትንሽ አድርገሽ ትከዪና የሚሆነውን እዪ። እኔ እንደዚያ ነው የጀመርኩት።

ሠላሳ ዓመት በማሳ | ጥቅምት 4

ልጄ፣ እንኳን ጀመርሽ። ወረቀቱን ለጊዜው አስቀምጪውና በቅድሚያ ከመሬቱ ጋር ተዋወቂ። ከጻፍሽው ሁሉ እኔን ያሳሰበኝ «በሰሜን በኩል» ያልሽው ነው።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ወገን ትቀይርብናለች። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ቀትር ላይ ወደ ሰሜን ዘንበል ትላለች። ከዚያ ወዲያ እስከ መጋቢት መጨረሻ ድረስ በደቡብ በኩል ነው የምታልፈው። ጓሮሽ አረም ሲያበቅል የከረመው ያን ጊዜ ፀሐይ ስለነበረው ነው። አሁን ግን የቤቱ ጥላ ወደ ጓሮው መግባት ጀምሯል፤ በየሳምንቱም ይረዝማል። ጫፍ ላይ የሚደርሰው ታኅሣሥ 12 ገደማ ነው። የጣሪያው ጠርዝ ከመሬት ሦስት ሜትር ከፍታ ካለው፣ በዚያ ቀን በቀትር ጥላው አንድ ሜትር ከዘጠና ይደርሳል፤ ጠዋትና ማታ ደግሞ ከዚያም ያልፋል። ከአራት ሜትሩ ውስጥ ለግድግዳው የሚቀርበው ግማሽ በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ቀጥተኛ ፀሐይ ብዙም አያገኝም ማለት ነው። ቲማቲም እዚያ ብትተክዪ ብርሃን ፍለጋ ቀጥኖ ይመዘዛል፤ አበባውም ይረግፋል።

አሁን የምልሽን አድርጊ። በ3 ሰዓት፣ በ6 ሰዓት ተኩልና በ9 ሰዓት የጥላው ጠርዝ የደረሰበት ቦታ ላይ ችካል ትከዪ። (6 ሰዓት ተኩል ያልኩሽ አለምክንያት አይደለም፤ እኛ አገር ፀሐይ አናት ላይ የምትደርሰው ከ6 ሰዓት ዘግየት ብላ ነው።) የፊት ለፊቱንም እንዲሁ። ሦስት ቀን ከተመለከትሽ በኋላ እያንዳንዱ ቦታ ስንት ሰዓት ፀሐይ እንደሚያገኝ ጻፊልን። ፍሬ የሚሰጠው፣ ማለትም ቲማቲም፣ ቃሪያና ዱባ፣ ከስድስት ሰዓት በላይ ፀሐይ ይፈልጋል። ካሮትና ቀይ ሥር በአምስት ሰዓት ይወጡታል። ቅጠላ ቅጠሉ፣ ቆስጣው፣ ሰላጣው፣ ድንብላሉ፣ በአራት ሰዓትም ይኖራል። ጎመንም ትንሽ ቢጨመርለት ይመርጣል እንጂ አያኮርፍም።

ከወጥ ቤት በር | ጥቅምት 5

አባታችን የቦታውን ነገር ስለጨረሱት እኔ ስለ ምርጫው ልናገር። አሥራ አንድ ዓመት በጠባብ ግቢ ስተክል የተማርኩት፣ አትክልት ሁሉ በጠባብ ቦታ እኩል እንደማያዋጣ ነው።

ቀይ ሽንኩርቱን እናስላው። ጥሩ ከተያዘ ከአንድ ካሬ ሜትር ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ኪሎ ይገኛል። ከሃያው ካሬ አሥራ ሁለቱን ብትሰጪው ሠላሳ ኪሎ ገደማ ታነሺያለሽ። የአምስት ሰው ቤት፣ ወጥ በየቀኑ የሚሠራበት፣ በሳምንት ሦስት ኪሎ አያንሰውም። አሥር ሳምንት ነው የምትበሉት። ለዚያ ደግሞ ችግኙ መደብ ላይ ሃምሳ ቀን ያህል ይቆያል፤ ከተዛወረ በኋላ መሬቱን አራት ወር ይይዘዋል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከጓሮሽ አንዲት ቅጠል ወደ ድስት አትገባም።

ጎመንን ተመልከቺ። አሥራ አምስት እግር ጎመን ሦስት ካሬ ሜትር ቢይዝ ነው። ከታች ከታች ያለውን ቅጠል እየቀነጠስሽ፣ እምብርቱን ሳትነኪ፣ ለወራት ትበያለሽ። ቆስጣም እንደዚያው ነው። ሰላጣን ነቅለሽ ትጨርሺዋለሽ፤ ስለዚህ በየሦስት ሳምንቱ አንድ አንድ መስመር መዝራት አለብሽ፤ ያለዚያ አንድ ቀን ሃያ ራስ ሰላጣ ይደርስና ከጎረቤት ጋር ስታከፋፍዪ ትውያለሽ።

የእኔ መመዘኛ ይህ ነው፤ ከገበያ ወደ ቤት እስኪደርስ የሚጠወልገውን፣ በጥቂት በጥቂቱ የሚፈለገውንና ተቆርጦ ደግሞ የሚያቆጠቁጠውን ጓሮዬ ላይ እተክላለሁ። ተከማችቶ የሚቆየውን ከገበያ እገዛለሁ። አንድ ቀን ማታ ሽሮው ፈልቶ ሳለ ቃሪያና በሶብላ ፍለጋ እጄን በበሩ አውጥቼ ብቻ ስመለስ፣ ያ አንድ ሜትር ተኩል መደብ ከሁሉም እንደሚበልጥብኝ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ስለዚህ በየቀኑ የሚቀነጠሰውን ለወጥ ቤቱ በር አቅርቢው። ራቅ ያለውን ሰው አይጎበኘውም፤ ያልተጎበኘ መደብ ደግሞ መጀመሪያ የሚያገኘው ትሉ ነው።

ቁጠባ | ጥቅምት 5

በዚህ አልስማማም። ሽንኩርት በተወደደ ጊዜ ሠላሳ ኪሎ ማለት ቀላል ገንዘብ አይደለም። እኔ ሱሉልታ ሰፋ ያለ ግቢ አለኝና ግማሹን ሽንኩርት ነው የምተክለው። ጎመኑን ከገበያ እገዛለሁ፤ አንድ እስር ምን ያህል ነው?

ከወጥ ቤት በር | ጥቅምት 5

ወንድሜ፣ ቦታ ላለው ሰው እርስዎ የሚሉት ልክ ነው። የእህታችን መሬት ግን 20 ካሬ ነው፤ ግማሹም ጥላ ሊውጠው ነው። ሽንኩርት ከተባለ ደግሞ የባሮ ሽንኩርት በመስመሮቹ ጠርዝ ላይ ትትከል፤ ቦታ አይፈጅም፣ ቅጠሉ እየተቆረጠ መልሶ ይበቅላል።

ስለ ጎመኑ ግን ሌላም ነገር አለ። ከተማችን ውስጥ ከሚሸጠው ጎመንና ሰላጣ ፍሳሽ በሚገባባቸው ወንዞች ዳር የሚለማ አለ። በአቃቂ ወንዝ ውሃ የሚለሙ አትክልቶች ላይ የከባድ ብረታ ብረት ብክለት እንዳለ ተመራማሪዎች ደጋግመው አሳይተዋል። ለልጆቼ የማቀርበውን ቅጠል በምን ውሃ እንዳደገ ማወቅ እፈልጋለሁ። ለእኔ ይህ ከዋጋው ይቀድማል።

ሠላሳ ዓመት በማሳ | ጥቅምት 6

ስለ አክስትሽ ዘር ሳልነግርሽ ብቀር ያሳዝነኛል። የካሮቱን ዝሪው። የሽንኩርቱን ግን ተዪው።

ሽንኩርት ራስ የሚቋጥረው የቀኑን ርዝመት ለክቶ ነው። በሰሜን አውሮፓ የሚዘሩት ዝርያዎች አሥራ አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚረዝም ቀን ካላገኙ ራስ አይቋጥሩም። በአዲስ አበባ ረጅሙ ቀን፣ በሰኔ አጋማሽ፣ አሥራ ሦስት ሰዓት እንኳን አይሞላም። ስለዚህ ያ ዘር እዚህ ይበቅላል፤ ቅጠሉም ያምራል፤ ግን ስድስት ወር ጠብቀሽ ስትነቅዪው ከሥር የምታገኚው ጣት የሚያክል ነጭ አንገት ነው። አንድ ገበሬ ከውጭ የመጣለትን ዘር በሩብ ሄክታር ላይ ተክሎ ሲያለቅስ አይቻለሁ። መሬቱም ሰውየውም አላጠፉም፤ ዘሩ የሌላ አገር ሰማይ ለምዶ ነው። ለእኛ ቀን የሚሆኑት እንደ አዳማ ቀይና ቦምቤ ቀይ ያሉት ናቸው። ለቲማቲምም ከመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት መልካ ሾላና መልካ ሳልሳ በቁመታቸው አጠር ስለሚሉ ለጠባብ ቦታ ይመቹሻል።

ኮተቤ ግቢ | ጥቅምት 8

ሠላሳ ዓመት በማሳ፣ እንዳሉኝ ሦስቱንም ቀን ለካሁ። የጣሪያው ጠርዝ ሦስት ሜትር ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። በ6 ሰዓት ተኩል ጥላው ከግድግዳው ዘጠና አምስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ወጥቷል። በምዕራብ በኩል የጎረቤት ባሕር ዛፍ ስላለ ከ9 ሰዓት በኋላ የጓሮው ሩብ በዚያ ጥላ ይያዛል። የፊት ለፊቱ መሬት ግን ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ፀሐይ አለው። ግድግዳውን ማታ 12 ሰዓት ላይ በእጄ ነካሁት፤ ገና ሞቃት ነበር።

የደነገጥኩት ሌላ ነገር አግኝቼ ነው። የፊት ለፊቱን በዶማ ብሞክረው ከአንድ ስንዝር በታች ገረጋንቲ ነው። ቤቱ ሲሠራ የተደለደለ ነው፤ የሲሚንቶ ፍርስራሽም አለበት። ከጽጌረዳዎቹ ሁለቱ ሁልጊዜ ቅጠላቸው ቢጫ የሚሆነው ለዚህ ይሆን?

እናቴ ደግሞ ጽጌረዳዬን አትንኩብኝ ብላለች። አባቴ በሕይወት ሳለ የተከሉት አብረው ነውና አልነካም።

ደብረ ብርሃን | ጥቅምት 8

እህቴ፣ ያ የሞቀ ግድግዳ ትልቅ ሀብት ነው፤ እንዳታባክኚው። እኛ ዘንድ፣ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈሳል፤ አጥር ሲያግደው ደግሞ ይተኛል። የእኔ ግቢ ወደ ታች ያዘነብላል። መጀመሪያ ዓመት ድንቹን በታችኛው ጠርዝ፣ በአጥሩ ሥር ተከልኩት፤ አፈሩ እዚያ ነበር የሚያምረው። አንድ ጠዋት ተነስቼ ሳየው እንደ ፈላ ውሃ የተደፋበት ጠቁሮ ተኝቷል። ከላይ፣ ከቤቱ አጠገብ የነበሩት አምስት እግር ድንቾች ምንም አልሆኑም። ሃያ እርምጃ እንኳን አይራራቁም።

ከዚያ ወዲህ ታች የምተክለው ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርትና ባቄላ ነው። ጎመን ውርጭ ሲያገኘው እንዲያውም ይጣፍጣል። ኮተቤ እንደ እኛ ባይሆንም ግቢሽ ዝቅ ያለ ቦታ ካለው በኅዳር ማለዳ ሣሩ ላይ ነጭ ነገር ካየሽ ያንን ቦታ አስታውሺው።

የአቃቂ መረሬ | ጥቅምት 8

ስለ አፈሩ ማንም አልጠየቀሽም። የጓሮው ቀይ ነው ወይስ ጥቁር? በእርጥቡ ጭብጥ አድርጊና በጣትሽ ጫን በዪው፤ ከተፈረፈረ እሰየው፤ እንደ ሊጥ ከተጣበቀ መረሬ ነው። የእኔ መረሬ ነው። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ውሃ ይቋጥርና ሥሩን ያበሰብሰዋል። ካሮት ሁለት ዓመት ዘርቼ ያወጣሁት ሁለትና ሦስት እግር ያለው ጠማማ ነበር። መደቡን ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጌ፣ አሮጌ ፍግና አሸዋ ቀላቅዬ ስሠራው ነው የተስተካከለው። ለካሮት ግን ትኩስ ፍግ አታድርጊ፤ ሥሩን ባለብዙ እግር ያደርገዋል።

ደግሞ አደራ፣ የመጸዳጃ ጉድጓዱ የት እንዳለ አረጋግጪ። ከላዩም ከአጠገቡም ጥሬ የሚበላ ነገር አይተከልም። የሳሙና እጣቢም ለሰላጣ አይሆንም፤ ለኮባ ወይም ለጌሾ ስጪው።

ድሬ | ጥቅምት 9

የድሬዳዋ ሰው ነኝ። የእናንተን ጭንቀት ሳነብ እኛ የምናደርገው ተቃራኒው እንደሆነ አየሁ። እኛ ጥላ ነው የምንፈልገው። ሰላጣና ድንብላል ከፓፓያው ሥር ነው የምተክለው፤ ፀሐይ ላይ ካዋልኩት በሦስት ሳምንት አበባ አውጥቶ ይመራል። ያንን የጓሮ ጥላ እንደ ጉዳት አትቁጠሩባት። ፀሐዩ ሲያይል፣ ሰላጣው ጥላ ሥር ነው የሚያምረው።

ከሜሪላንድ | ጥቅምት 9

ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ከቤታችን ጀርባ ያለችው መሬት ሁለት ሜትር በሦስት ናት። እዚህ ቲማቲምና ቃሪያ ቅዝቃዜው እስኪያልፍ፣ እንደ ፈረንጆቹ እስከ ሜይ መጀመሪያ፣ ወደ ውጭ አይወጡም። ጎመናችን ኮላርድ ነው፤ በኦገስት ተክዬው በመከር ብርድ ውስጥ ነው ለክትፎ የሚሆነኝ። ባለቤቴ ቃሪያዋን በባልዲ ተክላ ፀሐዩን እየተከተለች ከበረንዳ ወደ ደረጃ ታዘዋውራለች። ገረጋንቲ ለገጠማት እህታችን የባልዲው ዘዴ ሳይጠቅማት አይቀርም፤ ከሥሩ አራት አምስት ቀዳዳ መብሳት እንዳትረሳ።

ከወጥ ቤት በር | ጥቅምት 9

እንግዲህ ሁሉንም ሰብስቤ እኔ ብሆን የማደርገውን ልጻፍልሽ።

የፊት ለፊቱን ገረጋንቲ ለመቆፈር አትድከሚ። የእናትሽን ጽጌረዳም አትንኪ። በጽጌረዳዎቹ መካከል ባለው ክፍት ቦታ ሃያ ሊትር የሚይዙ ባልዲዎች ወይም የተቆረጡ ጀሪካኖች ግድግዳውን አስጠግተሽ ደርድሪ፤ ስድስት ይበቃሉ። አራቱ ላይ አንድ አንድ ቲማቲም፣ ሁለቱ ላይ ቃሪያ። ጤና አዳሙ ባለበት ይቆይ። የጥብስ ቅጠልም እዚያው ቢጨመር ደረቅ መሬት ይወዳል።

በጓሮው ከግድግዳው እስከ አንድ ሜትር ያለውን መንገድ፣ የብስባሽ ጉድጓድና የዕቃ ማስቀመጫ አድርጊው፤ በበጋ ለምንም አይሆንም። ቀጣዩን አንድ ሜትር ለቆስጣና ለሰላጣ፤ ጥላው እስኪያጠቃቸው አሁን ቶሎ ይተከሉ። የመጨረሻውን ሁለት ሜትር በሁለት ክፈዪው፤ በምሥራቅ በኩል ጎመን፣ በምዕራብ ካሮትና ቀይ ሥር። ወደ ባሕር ዛፉ የሚጠጋውን ጥግ ተዪው፤ ሥሩ ውሃውን ይሻማሻል። ድንቹን ዘንድሮ አትትከዪ። ቦታ ይበላል፤ ደግሞም ከቲማቲም ጋር የአንድ ቤተሰብ ስለሆኑ አንዱን ያገኘ ምች (ቅጠል የሚያጠቁር በሽታ) ሌላውንም ያገኘዋል።

ውሃውን አስልቼልሻለሁ። በበጋ አንድ ካሬ ሜትር በቀን አራት አምስት ሊትር ይፈልጋል። የሚተከለው፣ መተላለፊያውና የተተወው ጥግ ሲቀነስ፣ ከባልዲዎቹ ጋር አሥራ ሁለት ካሬ ገደማ ነው፤ በቀን ሦስት ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ማለት ነው፤ በሳምንት ከአራት መቶ ሊትር በላይ። መሬቱን በደረቅ ሣር ብትጎዘጉዢው ብዙ ይቀንስልሻል። ምስርና ቅጠል የታጠበበት ውሃም አይደፋ። ጠዋት አጠጪ፤ ማታ የረጠበ ቅጠል ለበሽታ ይመቻል።

ኮተቤ ግቢ | ጥቅምት 10

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰባቱን መደብ ቀድጄ ጣልኩት። አፈሩን በጣቴ ጫን አደረግሁት፤ ተፈረፈረ፤ ቀይ ነው። የመጸዳጃው ጉድጓድ በምዕራብ በኩል ከባሕር ዛፉ ጥግ አጠገብ መሆኑን እናቴ ነገረችኝ፤ ስለዚህ ካሮቱን ወደ መሃል አመጣዋለሁ። ለአክስቴም ስለ ሽንኩርቱ ደወልኩላት። በሚቀጥለው ከጀርመን ዘር ሳይሆን የመቁረጫ መቀስ እልካለሁ አለች።

ኮተቤ ግቢ | ታኅሣሥ 14

የለካሁትን ላሳውቃችሁ ነው የተመለስኩት። ከትናንት በስቲያ በ6 ሰዓት ተኩል ጥላው ከግድግዳው አንድ ሜትር ከሰማንያ አምስት ደረሰ። ሠላሳ ዓመት በማሳ፣ እርስዎ ከነገሩኝ በአምስት ሳንቲ ሜትር ነው የተለየው፤ ጣሪያችን ሦስት ሜትር ስለማይሞላ ነው። ጥቅምት ላይ የተከልኩትን ችካል አልነቀልኩትም፤ ከእሱ እስከ አዲሱ ጠርዝ አንድ ሙሉ እርምጃ ነው። ያንን ሳላውቅ ቲማቲሙን እዚያ ተክዬ ቢሆን ኖሮ እያልኩ ቆሜ አየሁት።

ቆስጣው ጥላው ከያዘው ወዲህ እድገቱ ቀርቷል፤ ግን አልሞተም። ቅጠሉ ስስና ለስላሳ ነው። ጎመኑን ሦስት ጊዜ ቀንጥሰናል። ባለፈው ሳምንት ከቅጠሉ ሥር ግራጫ ክሽክሽ (ቅጠል የሚመጥ ትንንሽ ተባይ) ተሰብስቦበት አገኘሁ፤ በሳሙና ውሃ አጥቤ፣ የባሰበትን ቅጠል አስወገድኩ። ካሮቱ ገና ክር ነው፤ ሳላሳሳው ብዙ ቆየሁ፤ ስህተቴ እሱ ነው። ቲማቲሞቹ ፊት ለፊት አብበዋል። እናቴ ባልዲዎቹን መጀመሪያ ቅር እያላት ነበር የምታያቸው፤ አሁን ጠዋት ጽጌረዳዋን ስታጠጣ እነሱንም አብራ ታጠጣለች።

ደብረ ብርሃን | ታኅሣሥ 14

ሣሩ ላይ ነጭ ነገር አላየሽም?

ኮተቤ ግቢ | ታኅሣሥ 15

በኅዳር መጨረሻ ሁለት ማለዳ፣ በሰሜኑ አጥር ሥር ብቻ። ጎመኑ አጠገብ ነው፤ ምንም አልሆነም። ድንች እዚያ እንደማልተክል አረጋግጫለሁ።

ሠላሳ ዓመት በማሳ | ታኅሣሥ 15

ተባረኪ። በሥራ ዘመኔ የለካ ሰው እንደሚያስደስተኝ የሚያስደስተኝ አልነበረም። ችካሎቹን አትንቀያቸው። ካሮቱን ዛሬውኑ አሳሺው፤ በአንዱና በሌላው መካከል አራት ጣት ይሁን፤ ከመንቀልሽ በፊት መሬቱን አርጥቢው።

ኮተቤ ግቢ | መጋቢት 2

ቲማቲሙን ከየካቲት አጋማሽ ጀምሮ እየለቀምን ነው። አራቱ እግር እስካሁን አሥራ አንድ ኪሎ ሰጥተውናል፤ በኩሽና ሚዛን እየመዘንኩ ነው የምጽፈው። ካሮቱ ዘግይቶ ደረሰ፤ ግን ቀጥ ያለ ነው። የመጀመሪያውን የነቀለው ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ሳያጥበው ቆሞ አየው። ድሬ እንዳለው ደግሞ ሰላጣው በጥላው በጣም አማረ።

አሁን የክረምቱን ላስብ። በሰኔ ነጭ ሽንኩርት መትከል እፈልጋለሁ። ቲማቲሙንስ በባልዲው ልቀጥል?

ሠላሳ ዓመት በማሳ | መጋቢት 2

ቲማቲሙን ከሰኔ በፊት ለቅመሽ ጨርሺው። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብና ብርድ ሲገናኙ ያ ምች በአንድ ሳምንት ያጠቁረዋል፤ በመስከረም አዲስ ችግኝ ትጀምሪያለሽ። ባልዲዎቹን በጣሪያው ጠብታ ሥር አታስቀምጪያቸው።

ነጭ ሽንኩርቱን በተመለከተ ጥያቄ አለኝ። በዚያ ግቢ ከዚህ በፊት ነጭ ሽንኩርት ተተክሎ ያውቃል? ሥሩ ላይ ነጭ ሻጋታ የሚያለብስ በሽታ አለ፤ አንድ ጊዜ መሬት ውስጥ ከገባ ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። እናትሽን ጠይቂ። ተተክሎ ነጥፎ ከነበረ ቦታውን እንድታሳይሽ። የምትተክዪውም ጥርስ ከገበያ ሳይሆን ሰብሉን በማሳ ካየሽው ሰው የተገኘ ቢሆን ይሻላል።

ቦታውን ደግሞ አሁን እንደገና አስቢው፤ ከሚያዝያ መጀመሪያ አንስቶ ፀሐይ ወደ ሰሜን ትሻገራለች። በበጋ መንገድ ያደረግሽው ግድግዳ ሥር ያለው አንድ ሜትር በክረምት ፀሐይ ያያል፤ ግን የጣሪያው ውሃ እዚያ ነው የሚወርደው። አሸንዳ ከሌለው አትትከዪበት። ነጭ ሽንኩርቱን ካሮቱ በነበረበት መሃል፣ መደቡን አንድ ስንዝር ከፍ አድርገሽ ትከዪው።

ኮተቤ ግቢ | መጋቢት 3

እናቴን ጠየቅኋት። አባቴ ከብዙ ዓመት በፊት ነጭ ሽንኩርት የተከለው በምሥራቅ በኩል፣ አሁን ጎመኑ ባለበት ነበር፤ ሁለተኛው ዓመት ላይ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ እየተነቀለ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ አልተከለም። ሥሩን አይታው እንደሆነ ስጠይቃት፣ «እንደ ጥጥ ነጭ ነበር» አለችኝ። በዚያ በኩል እስከ ጎመኑ ጠርዝ ቀይ ክር አስሬ ምልክት አድርጌያለሁ። ካሮቱ የነበረበት መሃል ከክሩ ሁለት ሜትር ይርቃል። ዶማውንም ከአንዱ ወደ ሌላው ሳላጥብ እንዳልወስድ ለወንድሜ ነግሬዋለሁ። ይህ ርቀት ይበቃል?

ሠላሳ ዓመት በማሳ | መጋቢት 3

ይበቃል፤ ውሃው ከምሥራቁ ወደ መሃል እስካልፈሰሰ ድረስ። ቁልቁለቱ ወደ የት ነው?

ኮተቤ ግቢ | መጋቢት 3

ወደ ምዕራብ፣ ማለትም ወደ መሃሉ ነው። በሁለቱ መካከል ቦይ እቆፍራለሁ። ቅዳሜ እንጀምራለን።